ወንድሜ መድኃኒት አላቋረጠም
የባክቴሪያዎችን ጂኖም ማወዳደር ምን ያስተምረናል?

ዛሬ የማወጋችሁ ነገር በአንድ በኩል የባዮሎጂ ትምህርት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ የራሴ የቤት ታሪክ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ልነግራችሁ አልቻልኩም። ምክንያቱም ትምህርቱን ባልማረው ኖሮ ወንድሜን ይቅርታ ሳልጠይቀው እቀር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው

በ2006 ዓ.ም. ደሴ ከተማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ (ወንድም ጋሼ ነው የምለው) በሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዘው። ብርድ ነው ተባለ፤ ዝንጅብል ተፈላለት፤ ማር ተሰጠው። ሳሉ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ሌሊት ሌሊት አንሶላው በላብ ሲርስ፣ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሲያስቸግረው እናታችን እያለቀሰች ወደ ሕክምና ወሰደችው። አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ተመረመረ። ውጤቱ ቲቢ ሆነ፤ ያውም ሪፋምፒሲን የሚባለው ዋናው መድኃኒት የማይገድለው ቲቢ። በተለምዶ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የምንለው መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ወሬ ተጀመረ። «መድኃኒት ጀምሮ እያቋረጠ ነው እንጂ ከየት ያመጣዋል?» ይላል አንዱ። «ያኛው በሽታ ቢኖርበት ነው» ብሎ ይንሾካሾካል ሌላው። የኤችአይቪ ውጤቱ የሱና የሐኪሙ ጉዳይ ነውና እዚህ አላነሳውም።

እስካሁን የሚያሳፍረኝ ግን የጎረቤት ወሬ አይደለም፤ የራሴ ጥያቄ ነው። አንድ ማታ በር ላይ ቆሜ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ መቼ ጀምረህ ነው ክኒኑን የተውከው?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና፣ «እቱ፣ አንቺም? እኔ እኮ ከዚህ በፊት የቲቢ ክኒን በዓይኔም አይቼ አላውቅም!» አለኝ።

አላመንኩትም። እውነቱን እየተናገረ ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ሆኜ ስለ ባክቴሪያ ጂኖም ስማር ነው። እስቲ እናንተም አብራችሁኝ ተማሩት።

በአራት ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ

ማንኛውም ባክቴሪያ በውስጡ እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚመገብ፣ እንዴት እንደሚባዛ የሚነግር መመሪያ አለው። መመሪያው የተጻፈው በዲኤንኤ ነው። ፊደሎቹም አራት ብቻ ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ያለው ጠቅላላ ጽሑፍ ጂኖም ይባላል። በውስጡ እያንዳንዱን ሥራ የሚያዝዘው አንቀጽ ደግሞ ጂን ነው።

የሳይንስ ሊቃውንት ራሱን ችሎ የሚኖር ፍጥረት ሙሉ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያም ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን 1.8 ሚሊዮን ያህል ፊደሎች አሉት። የቲቢ ባክቴሪያ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ1998 ተነቦ ይፋ ሆነ። ርዝመቱ 4.4 ሚሊዮን ፊደል ገደማ፣ የጂኖቹ ብዛት ደግሞ ወደ 4 ሺህ ነው። በሰከንድ አንድ ፊደል እያነበባችሁ፣ ሳትተኙና ሳትበሉ ብትቀጥሉ ለመጨረስ 51 ቀን ይፈጅባችኋል!

ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጂኖም ብቻውን ብዙም አያወራም። ወሬው የሚመጣው ሁለት፣ ሦስት፣ መቶ ጂኖም ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው።

መምህሩ ኩረጃን እንዴት ያውቃሉ?

ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፈተና ላይ ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛውን መልስ ቢጽፉ መምህሩ ምንም አይሉም፤ ሁለቱም አጥንተው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት፣ ያውም እንግዳ የሆነ ስህተት፣ በአንድ ቦታ ላይ ቢጽፉስ? «ማን ከማን ኮረጀ?» መባሉ አይቀርም።

ባክቴሪያም ለሁለት ሲከፈል መጽሐፉን ይገለብጣል። ሲገለብጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል። ስህተቱ ካልገደለው ለልጆቹ፣ ለልጅ ልጆቹም ይተላለፋል። ስለዚህ ሁለት ባክቴሪያዎች አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት በብዙ ቦታ ከተጋሩ አንድ አያት አላቸው ማለት ነው። የሚጋሩት ስህተት በበዛ ቁጥር ዝምድናቸው ይቀርባል። በዚህ መንገድ ሊቃውንቱ እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው የባክቴሪያዎችን የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ።

በዚያ ላይ ጊዜንም መገመት ይቻላል። የቲቢ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ በአማካይ በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ያህል። ከሁለት ሕመምተኞች የተገኙ ባክቴሪያዎች በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ብቻ ከተለያዩ በሽታው በቅርብ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ወይም ከአንድ ሦስተኛ ሰው ወደ ሁለቱም ተላልፎ ሊሆን ይችላል። በ200 ፊደል ከተለያዩ ግን «አንተ ነህ ያስያዝከኝ» መባባሉ ከንቱ ነው።

ባክቴሪያ የሚለወጥባቸው ሦስት መንገዶች

ጂኖሞች ሲወዳደሩ ባክቴሪያዎች በሦስት ዋና ዋና መንገዶች እንደሚለወጡ ታይቷል።

አንደኛው አሁን የጠቀስኩት የፊደል ስህተት ነው።

ሁለተኛው መጣል ነው። የማይፈልጉትን ጂን ይጥሉታል፤ ወይም ተበላሽቶ ይቀራል። ጥሩው ምሳሌ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ የቲቢ የቅርብ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጂኖሙ ሲነበብ 3.3 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ውስጥ የሚሠሩት ጂኖች 1,600 ያህል ሲሆኑ፣ ከ1,100 በላይ የሚሆኑት እንደ ወደቀ ቤት ፍርስራሻቸው ብቻ የቀረ ናቸው። ይህ ባክቴሪያ በሰው ሴል ውስጥ መኖርን ስለመረጠ ብዙው ዕቃው ሥራ ፈታ። በላቦራቶሪ ምግብ ላይ እንደሌሎች ባክቴሪያዎች አለመብቀሉም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይታሰባል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ይህንኑ በሽታ ለማጥናት እንደነበር በዚህ አጋጣሚ ልንገራችሁ። ዛሬ ቲቢንም ያጠናል።

ሦስተኛው መዋስ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ጂን ከጎረቤት ይቀበላሉ፤ ዘመድ ካልሆነም ጭምር! በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ ውሰዱ። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚጠናው ምንም የማያደርገው ዓይነት 4.6 ሚሊዮን ፊደል አለው። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ኦ157 የተባለው ዓይነት ግን 5.5 ሚሊዮን ፊደል አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለቱ ሲወዳደሩ ክፉው ዓይነት በሌላኛው ላይ የሌሉ 1,387 ጂኖች ተገኙበት። አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ መርዙን የሚሠራው ጂንም ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ ተሸክሞ የገባ ነው። ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል ማለት ይሄ ነው።

ቲቢስ? ቲቢ ቆንቋና ነው፤ ከማንም አይዋስም፣ ለማንም አያበድርም ለማለት ይቻላል። የሚለወጠው በፊደል ስህተትና በመጣል ነው። ይህ ጠባዩ ታሪኩን ለማንበብ ያቀልልናል።

ከላም ነው የመጣው?

ለብዙ ጊዜ የሰው ቲቢ ከከብት ቲቢ እንደመጣ ይታመን ነበር። ሰው ላም ማርባት ሲጀምር በሽታው ተሻገረበት ይባል ነበር። ነገሩ ያሳምናል፣ አይደል? እ.ኤ.አ. በ2002 ሊቃውንት የብዙ ባክቴሪያዎችን ጂኖም ሲያወዳድሩ ግን የከብቱ ቲቢ በሰው ቲቢ ላይ ያሉ በርካታ ቁርጥራጮች ጎድለውት ተገኘ።

አሁን ደብተራችሁን አስቡ። አምስት ገጽ ከተቀደደበት ደብተር ሙሉ ደብተር መገልበጥ ይቻላል? አይቻልም! ቲቢ ደግሞ የጎደለውን ከሌላ አይዋስም ብለናል። ስለዚህ ሙሉው የሰው ቲቢ ከጎደለው የከብት ቲቢ ሊወለድ አይችልም። (ይህ ማለት ግን ጥሬ ወተት ጠጡ ማለት አይደለም። የከብት ቲቢ ዛሬም በወተት ሰውን ይይዛል፤ ወተት አፍልታችሁ ጠጡ።)

የሰው ቲቢ ራሱ በዘር ሐረግ ተከፋፍሎ ተቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ከዚያ በፊት ከታወቁት ስድስት የዘር ሐረጎች የተለየ ሰባተኛ ሐረግ መኖሩን አረጋገጠ። የተገኘው የት ይመስላችኋል? እዚሁ ኢትዮጵያ፣ በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይም በወሎ! የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ስማር ደንግጬም ተገርሜም ነበር። ስምንተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ ሕመምተኞች ተገኝቷል። የቲቢ ጥንታዊ ቅርንጫፎች በአፍሪካ መብዛታቸው በሽታው ከሰው ልጅ ጋር ከዚሁ አህጉር እንደተነሣ ያመለክታል።

አንዲት ፊደል

አሁን ወደ ወንድሜ በሽታ እንመለስ። ሪፋምፒሲን የሚሠራው የባክቴሪያውን መጽሐፍ የሚያነብ መሣሪያ ላይ ተጣብቆ ንባቡን በማገድ ነው። ንባብ ከቆመ ባክቴሪያው ይሞታል። ይህን መሣሪያ የሚያዝዘው ጂን ውስጥ 81 ፊደል የሚሆን አጭር ክፍል አለ። ሪፋምፒሲን የማይገድላቸው የቲቢ ባክቴሪያዎች ከ100 ውስጥ 95 በሚሆኑት ለውጡ የሚገኘው በዚህች ክፍል ነው። ከሁሉም በብዛት የሚታየው «ቲሲጂ» የነበረው «ቲቲጂ» ሲሆን ነው። ከ4.4 ሚሊዮን ፊደል አንዲት ፊደል! በዚህች አንዲት ፊደል የተነሣ የመሣሪያው ቅርጽ ትንሽ ይለወጣል፤ መድኃኒቱም መጣበቅ ያቅተዋል። ጂን ኤክስፐርት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሪፋምፒሲንን ውጤት የሚሰጠው ይህችኑ 81 ፊደል በመመርመር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «መድኃኒት የተላመደ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። በርበሬ እየበላን አፋችን እንደሚለምደው ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየቀመሰ የሚለምድ ያስመስላል። እንደዚያ አይደለም። በተጎዳ ሳንባ ውስጥ ባለ አንድ ክፍተት ብቻ መቶ ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከነዚህ መካከል በአጋጣሚ ያቺን ፊደል የተሳሳተ አንድ ይኖር ይሆናል፤ መድኃኒት ከመጀመሩም በፊት። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ያ አንዱ ሜዳው ይለቀቅለታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ለዚህ ነው የቲቢ መድኃኒቶች ተጣምረው የሚሰጡት። አንዱን መድኃኒት ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በአጋጣሚ ማምለጥ ለባክቴሪያው እጅግ ከባድ ነው። ሰው ግን «ተሽሎኛል» ብሎ በሁለተኛው ወር ሲተው፣ ወይም አንዱን ክኒን ውጦ ሌላውን ሲጥል ድሩ ይበጠሳል። የኤችአይቪ መድኃኒትም ተጣምሮ የሚሰጠውና ሰዓቱ ተጠብቆ የሚወሰደው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤችአይቪ ባክቴሪያ ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ ሲገለበጥ ከቲቢ እጅግ የበለጠ ይሳሳታል።

የቱጌላ ፌሪ ምስክርነት

ደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ቱጌላ ፌሪ የምትባል የገጠር ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 መጀመሪያ በዚያ 53 ሰዎች ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች ሁሉ የማይሠሩበት ቲቢ ተገኘባቸው። ከ53ቱ 52ቱ ሞቱ። የኤችአይቪ ምርመራ ያደረጉት 44ቱም ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ዓለም ደነገጠ። ብዙ ሰው «አዲስ በሽታ መጣ፤ ኤችአይቪ ፈጠረው» አለ።

ጂኖሞቹ ግን ሌላ ታሪክ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከክዋዙሉ ናታል የተሰበሰቡ 337 የቲቢ ጂኖሞችን አወዳደረ። የፊደል ስህተቶቹን እየቆጠሩ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ የዚህ ባክቴሪያ አያት የመጀመሪያውን የመድኃኒት መከላከያ ያገኘው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆኖ ተገኘ። ያኔ የቲቢ መድኃኒቶች ገና አዲስ ነበሩ! በ1980ዎቹ ሪፋምፒሲንን አመለጠ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌሎቹንም ጨመረ። ሰው ያየው በ2005 ነው። ማለትም ባክቴሪያው ለ50 ዓመት ያህል ደረጃ በደረጃ፣ አንዲት አንዲት ፊደል እየለወጠ፣ ማንም ሳያየው መጣ። ኤችአይቪ አልፈጠረውም። የሰውን የመከላከል አቅም ሲያዳክም ግን የተዘጋጀው ጠላት በሩን ክፍት አገኘው።

በዚያው ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ክፉ ቲቢ ያለባቸውን 404 ሰዎች ተመለከተ። ከመቶ 69ኙ ከዚያ በፊት መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ታክመው አያውቁም! ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አላቋረጡም፤ ያን ሕክምና ጀምረውት አያውቁማ። ያቺ ፊደል ከሌላ ሰው ሳንባ ተለውጣ፣ ተዘጋጅታ፣ በሳል በአየር መጥታ ነው የያዘቻቸው።

ይቅርታ

የወንድሜ ባክቴሪያ ጂኖም አልተነበበም። ስለዚህ ከማን እንደያዘው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ ስንት ሰው ሲሳል እንደሚውል ግን አሁን አስባለሁ።

ሕክምናው በዚያን ጊዜ ሃያ ወር ፈጀ። ለወራት በየቀኑ መርፌ ነበረው፤ ጆሮው ይጮህበት፣ ያስመልሰው ነበር። አንድ ቀን አላጓደለም! ዛሬ ድኖ የራሱ ቤተሰብ አለው። (ደስ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ሕመምተኞች ያለ መርፌ በስድስት ወር የሚያልቅ ሕክምና ይመክራል።)

ትምህርቱን ተምሬ የገባሁ ዕለት ቡና አፍልቼ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያን ማታ የጠየቅኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት። «እንዴት ይረሳል» አለኝ። «አንተ እውነትህን ነበር። ይቅር በለኝ» አልኩት። ስኒውን አስቀምጦ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ከመርፌው ይልቅ እሱ ነበር ያመመኝ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም አልረሳሁትም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

1. ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። ኤችአይቪ በደማችን ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅም አያስፈልግም፤ ማንኛውም ሳል ይመርመር። ስለ ቲቢ መከላከያ መድኃኒትም ሐኪም እንጠይቅ።
2. የጀመርነውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው እንውሰድ። የምናቋርጠው ለራሳችን ብቻ አይደለም፤ ያመለጠችው ፊደል ነገ የሌላ ሰው ቤት ትገባለች።
3. የክፍላችንንና የታክሲያችንን መስኮት እንክፈት። ስንስል አፋችንን እንሸፍን።
4. የታመመ ሰው ስናይ «ምን አድርጎ ይሆን?» ሳይሆን «ምን ላግዝ?» እንበል።

አራተኛው ከባዱ ነው፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። እናንተ እንድታልፉት ነው የጻፍኩላችሁ። ደህና ሁኑ፤ ቸር ይግጠመን!